በላስቲክ ከረጢት ያደረ ኩሬ

እንግዳ ይባላል፤ ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ዎርዝ በሚገኝ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ ከሚኖርባት ከሜስኪት እየተመላለሰ ይሠራል። ባልደረቦቹ ስለ መኪናና ስለ ቤት ዋጋ ሲያወሩ፣ እሱ ስለ ዓሣ ያወራል፤ ያውም ከአውራ ጣት ስለማትበልጥ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከአንድ ወንዝ ዳር ኩሬዎች በቀር የትም ስለማትገኝ ዓሣ። ኩሬዎቹ በበጋ ሲደርቁ ዓሦቹ ያልቃሉ፤ እንቁላላቸው ግን ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል።

ዘሩን በአደራ የሰጡት የዚያው አካባቢ የፍሪስኮ ከተማ ነዋሪ የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የእሳቸው ዓሦች አለቁ፤ የእንግዳም አርጅተው ሞቱ። የቀረው እንቁላሉ ብቻ ነው፤ እርጥብ ጥቁር አፈር ውስጥ፣ በላስቲክ ከረጢት፣ ቁም ሣጥን ላይ። አምስት ወር ቆጥሮ፣ ውሃ የሚያፈስበት ቅዳሜ ሲደርስ፣ ከረጢቱን ባዶውን፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አገኘው።

"ሆሳዕና፣ አፈሬስ?" አለ ሚስቱን።

"እኔ የለሁበትም፤ እማዬን ጠይቃት" አለች፣ ሳቋን አፍና።

አማቱ ወይዘሮ ብርቅነሽ ከአገር ቤት ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።

"እንዲህ ያለ ለም አፈር ሣጥን ላይ ይቀመጣል፣ ልጄ? ትናንት ጤና አዳም ተከልኩበት" አሉ፣ በረንዳው ላይ ያለችውን ማሰሮ እያሳዩ።

አማትን አይቆጧቸው ነገር ሆኖበት፣ እንግዳ ቀስ ብሎ ወደ ማሰሮዋ ተጠጋ። "እማማ፣ አፈሩ ውስጥ ዓሣ አለ።"

"ዓሣ? አፈር ውስጥ? ለመሆኑ ደኅና ተኝተሃል?"

እጁን ወደ ተክሉ ሲሰድ ግን አማቱ ከፊቱ ተገተሩ። "ጤና አዳሜንማ አትነቅላትም!"

"አልነቅልም። አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ።" ማሰሮዋን እንዳለች አንሥቶ፣ ባዘጋጀው ውሃ በተሞላ ሰፊ ገንዳ ውስጥ አጠለቃት።

"ሥሯ ይበሰብሳል!"

"ከበሰበሰ ሌላ እተክልልዎታለሁ። ይህን ዘር ግን ከየት አመጣለሁ?"

እሑድ ማለዳ የአማቱ ጩኸት ቤቱን አናወጠው። "አንተ ልጅ፣ ና! ውሃው ዓይን አወጣ!"

እንግዳ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሰውነታቸው እንደ ክር የቀጠነ፣ ከዓይናቸው በቀር ምናቸውም የማይታይ አሥራ አንድ ጫጩቶች ጤና አዳሟን ይዞራሉ። ለመምህሩ ሊደውል ስልኩን ቢፈልግ፣ አማቱ ቀድመው ይዘውታል።

"ስሚ እንጂ" ይላሉ ለእህታቸው፣ "እሱ አምስት ወር ሙሉ ሣጥን ላይ አስቀምጦት አንድም አልወጣለትም፤ እኔ በሁለት ቀን አበቀልኩለት!"

እንግዳ አላረማቸውም፤ ወረፋውን ጠበቀ።