ግልባጩ ለእመቤታችን

ማንበብና መጻፍ የተማርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ክር ስጠቀልል እውላለሁ፤ ማታ ትምህርት ቤት እገባለሁ። አንዲት ፊደል ከመስመር ከወጣችብኝ ገጹን እንዳለ ቀድጄ እንደገና እጽፍ ነበር። ይህን ያዩ የቀበሌው ሰዎች የጽሕፈት ሥራ ሲበዛባቸው ይጠሩኝ ጀመር። እምቢ አይባልም፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ጊዜ የቀበሌያችንን ወጣቶች ስም ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጥ ተሰጠኝ። ረቂቁ ላይ የታናሽ ወንድሜ ስም የለም። ዕድሜው ግን ደርሷል። ብዕሬን ይዤ ጥቂት ቆየሁ። የጎረቤቶቼ ልጆች ተጽፈው የእኔ ወንድም ሲቀር ዝርዝሩ ጎደሎ ሆነብኝ። በፊደል ተራው፣ በቦታው አስገባሁት። ያን ጊዜ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ጥሪው መጣ። ያደረግሁት የገባኝ እናቴ ደረቷን ስትመታ ነው። ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፍሁ፤ እናታችን አሮጊት ናት፣ ጧሪዋም እሱ ብቻ ነው የሚል። ሊቀመንበሩ አንብቦ ሳይጨርስ ወረቀቱን መለሰልኝ።

በዚያው ሳምንት ያንኑ ማመልከቻ ለእግዚአብሔር ገለበጥሁት። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላፌዝሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝሁት ጸሎት ግዕዝ ነው። ማለዳ ማለዳ እደግመዋለሁ፤ የምለውን ግን አላውቀውም። በሚገባኝ ቋንቋ ጉዳይን ለበላይ ማስረዳት የተማርሁት በማመልከቻ ብቻ ነበር። «ጉዳዩ፦ ወንድሜ ከዘመቻ እንዲቀርልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርሁ። ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለእመቤታችን ለቅድስት ማርያም፣ ለቅዱስ ሚካኤል» አልሁና ፈረምሁ።

የነፍስ አባታችን ወደ ደሴት ገዳም የሚሻገሩበት ቀን ነበር። ከታቦቱ ፊት እንዲያኖሩልኝ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። ከታንኳ መሳፈሪያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቀስ ብለው አነበቡት። ግልባጩ ላይ ሲደርሱ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ።

«ማኅተም ይጎድለዋል» አሉኝ።

ከዚያ ወደ መካከሉ ተመለሱና እናትሽን የሚጦራት ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ ሥራ አልነበረውም፤ እናቴን የምጦር እኔ ነኝ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ለቀበሌው እንዲያ ብዬ ጽፌ ነበር አባ፤ ከዚያ ነው የገለበጥሁት።»

«ቀበሌው ቤትሽን አያውቅም። እሱ ያውቃል። የሚያውቅሽን ምን ብለሽ ትዋሺዋለሽ?»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። አልወስድም አላሉም። መጀመሪያ ሂጂና በአፍሽ ንገሪው፣ ጎረቤትሽን እንደምታነጋግሪ አነጋግሪው፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀት ካስፈለገ ታመጫለሽ ብለው ታንኳዋ ውስጥ ገቡ።

የሐይቁን ዳርቻ ዳርቻውን ሄጄ ደንገሉ ከበዛበት ቆምሁ። ለጸሎት የሚመች ቦታ አልነበረም። ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ የተተበተበ መረቡን እየፈታ ይራገማል። የቃሌን ጸሎት ጀመርሁ፤ አቋረጥሁት። የእናቴን እርጅና አነሣሁ፤ እሱንም አቋረጥሁት።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልሁ። «እነሱ ረስተውት ነበር። እኔ ነኝ ያስገባሁት። አሁን ወንድሜን መልስልኝ።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል፣ አንዷ አጣቢ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልመጣልኝም፤ መልስም፣ ሰላምም። ግን ከሚሰማኝ ጋር እንደተነጋገርሁ ዐወቅሁ፤ አፍሬ ነበርና። የቃሌን ጸሎት ስደግም አፍሬ አላውቅም።

ያን ዕለት ለወንድሜም ነገርሁት። ጫማውን እያሰረ ነበር። አስሮ ጨርሶም ቀና አላለም። ኋላ ለእናቴ እንዳትነግሪያት አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሄደ።

ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ላከልን። በሁለቱም ለእኔ ሰላምታ ነበረበት። ከዚያ ተቋረጠ። ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ። ጎረቤቶች ለእናቴ ተዝካሩን ብታወጪለት ይሏት ጀመር። እሷም ተጨነቀች፤ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ሟርት ነው፣ ለሞተ አለማውጣት ደግሞ በደል።

ማለዳ ማለዳ ፋብሪካ ከመግባቴ በፊት ሐይቁ ዳር እየቆምሁ እግዚአብሔርን እንደማነጋግረው እናቴ ታውቅ ነበር። አንዳንድ ቀን እለምነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እጣላዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ወንድሜ አለ ወይስ የለም። አንድ እሑድ ከሐይቁ ስመለስ ዛሬስ ምን አለሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገበያ ደርሶ የመጣ ሰው እንደሚጠየቅ።

«አልነገረኝም» አልኋት። ያላለውን ብጨምርላት ደስ ባላት ነበር።

ነጠላዋን ሰበሰበች።

«እንግዲያስ ተዝካሩ ይቆይ» አለች። «ነገም ጠይቂው። ሳትቆጪው ግን።»