ከነሹራቧ የተመዘነች ልጅ

በአሰላ ብርድ ባሳብብ ደስ ባለኝ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ግትርነት ነበር። ያኔ በሕፃናት ማሳደጊያ ሞግዚት ነበርኩ። ዓመት ተኩል ሞልቷት ገና መቆም ያቃታትን አንዲት ልጅ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዝን ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ልብሷን አውልቂላት ስትለኝ፣ «በዚህ ውርጭ ልጅ አላራቁትም!» ብዬ ከነሁለት ሹራቧ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠልኳት። ኪሎዋ ጨምሯል ተባለና በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው የኦቾሎኒ ምግብ ተቋረጠባት። ከሰዓት ሳጥባት የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጨመረው ሹራቡ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። በወሩ የውጭ አገር አሳዳጊዎቿ መጥተው ወሰዷት።

ከዚያ ወዲህ መራመድ የዘገየበት ልጅ ባየሁ ቁጥር፣ ያቺ ልጅ በእኔ ምክንያት ቀንጭራ ቀርታ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት የድሮ ሞግዚቷን አጠያይቃ ቤቴ መጣች። የበሩን ጉበን ጎንበስ ብላ ነው ያለፈችው። የያዘችው ፎቶ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እቅፌ ውስጥ ያቺው ሕፃን፣ ከነሹራቧ። በተሰባበረ አማርኛዋ ቅርጫት ኳስ እንደምትጫወት ነገረችኝ። እኔም ሚዛኑን፣ ምግቡን፣ ዝምታዬን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

 ከዚያ ብብቴን በሁለት እጇ ይዛ ብድግ ስታደርገኝ እግሬ መሬት ለቀቀ።

«በጣም ቀላል ነዎት!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሹራብ ደርቤ ነበር።