ባንዲራው ቀድሞ ነው የወጣው

ባንዲራ ሳላሳይ ከጉድጓድ ብቅ እንዳልኩ ተደርጎ ሆስፒታል ተጽፏል። ውሸት ነው። ባንዲራውን አውጥቼ ነበር፤ የተተኮሰብኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሞቼ ሳልቀበር ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

በደርግ ጊዜ ሮም ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰውዬው ጠመንጃ ይሰበስባል። ከአርባ የሚበልጡት በመስታወት ቁም ሳጥን ተደርድረዋል፤ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ የወጣሁት ታናሽ ወንድሜን ደጃችን ላይ በጥይት ደፍተውት ስለሆነ፣ ስወለውላቸው አፈሙዛቸውን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ይስቅብኝ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከከተማው ዳር፣ ከሮማኒና ሰፈር ወዲያ ባለው ሜዳው ከእንግዶቹ ጋር በሸክላ ሳህን ላይ ይተኩሳል። ሳህኑን የሚወረውረው ማሽን ከፊታቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ተኳሹ ሲጮህ ታች ያለው ሰው ይለቃል፤ ሳህኑ ሲበር ይመቱታል። ማሽኑ ከተጣበቀ ከጉድጓዱ ቀይ ባንዲራ በዱላ ይወጣል፤ ያኔ ጠመንጃ ሁሉ ተከፍቶ ወደ መሬት መዞር አለበት።

ጠመንጃውን አስቀድሞ ትከሻው ላይ አስደግፎ የሚጠብቀውን ተኳሽ ሽማግሌው «የቢሮ ጸሐፊ» ይለዋል። ለእሱ ወንድ ማለት መሣሪያውን ወገቡ ጋ ይዞ፣ አንድ ነገር ብቅ ሲል አንስቶ የሚመታ ነው። «ካሰብክ ሳትክ» እያለ የእህቱን ልጅ፣ ሙሉ ሰው፣ ያሠለጥነው ነበር። እኔ ደግሞ አስደግፎ የሚጠብቀው ምን ላይ እንደሚተኩስ ለማየት ፋታ አለው ባይ ነኝ። ያኔም ነገርኩት። ስለ ሳህን የምታውቂው ማጠቡን ነው ብሎ እንግዶቹን አሳቀብኝ።

አንድ ሐሙስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ታመመ። የዕረፍት ቀኔ ቢሆንም ሽማግሌው እኔን ጉድጓድ አስገባኝ። ማሽኑ ተጣበቀ። ባንዲራውን አወጣሁ። የእህቱ ልጅ ተኮሰ።

ዱላው እጄ ውስጥ ተሰነጠቀ። የጥይቱ እርሳስ ፍንጣሪ መዳፌን በሳስቶ የጆሮዬን ጫፍ ይዞት ሄደ። ደሜ በክርኔ እየወረደ የሸክላውን ክምር አራሰው። ላይ ደግሞ ይስቃሉ፤ ጥሩ መታ እያሉ ነው። ሁለት ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም።

ሆስፒታል የተጻፈው የሽማግሌው ቃል ነው። ስቃወም ሶጆርኖዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ የሚያሳድስልኝ ማን እንደሆነ አስታወሰኝ። ባንዲራው ካልወጣ በምን ተበሳ ብዬ ብጠይቀው፣ ቀዳዳው የቆየ ነው አለኝ። ጨርቁን ከመጋረጃ ቁራጭ ቀድጄ በዚያው ሳምንት የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ቁስሌ እንደደረቀ፣ እነዚያው እንግዶች ምሳ ሲቀመጡ ባንዲራውን መሐላቸው ዘረጋሁት። አንዱ ያገሯ የገበታ ልብስ ነው አለ። ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ «እርስዎ ከእህትዎ ልጅ አጠገብ ቆመው ነበር። ባንዲራው ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም?» አልኩ። ሾርባው ይቀዘቅዛል አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁ። ወጥ ቤት ግቢ አለኝ። አልገባሁም፤ ጭልፋውን ይዤ እዚያው ቆምኩ። የእህቱ ልጅ ከሳህኑ ቀና አላለም። ማንም ማንኪያ አላነሳም።

ሽማግሌው በመጨረሻ አፉን ጠረገ።

«ወጥቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ» አለ። «አሎራ፣ እንግዲህ አንቺ ሌላ ቤት ታገኛለሽ። እሱ ግን ከእኔ ሌላ አጎት የለውም።»