እህቴና ከሌባ ያበሩት ዘበኞች

እህቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ሴት ፈታሽ ናት። የእጇን ነገር ተዉት! ከሸሚዝ ስር የተወሸቀች የክር ጥቅል አታመልጣትም። ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠትም ገላዋን ስትታጠብ ያገኘችው ራሷ ናት። "ነይ እስቲ፣ ይሄ የእኔ አይደለም" ብላ ጠራችኝ።

ምርመራው ካንሰር ነው አለ። ሐኪሟ ሰው አክባሪ ወጣት ናት፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን።

"ሰውነት የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ካንሰሩን ከበውታል። ግን አንዳንዶቹን አባብሎ ከጎኑ አሰልፏቸዋል፤ እንዲያድግ እየረዱት ነው።"

የእህቴ ደም ፈላ። "ዘበኛ ከሌባ ጋር? እኛ በር ላይ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን አያድርም! ይባረሩ!"

"እነሱ ከተባረሩማ ጉንፋንም አይምርዎትም። የሚቀሰቅሳቸው መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና።"

መድኃኒቱን ጀመረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እብጠቱ ጨመረ። እጇ ተሳስቶ አያውቅምና ፈረደች። "አድጓል። ሁለተኛ አልሄድም። ልጆቼ ጋ ቁጭ ብዬ የመጣው ይምጣ።" ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ወይ ፍንክች! እናታችን "ድንጋይ" የምትላት ወዳ አይደለም። እኔስ ብሆን እህቴን እያየሁ ላጣት ነው? ታክሲ ቤቷ በር ድረስ አመጣሁና "ካልገባሽ እኔም ሥራ አልሄድም፤ አብረን እንራብ!" አልኳት። እየተሳደበች ገባች።

ሐኪሟ በመርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱን ልንሰማ ስንቀመጥ የእህቴን እጅ ያዝኩት።

"እጅዎ አልዋሸም፤ አብጧል" አለች ሐኪሟ። "ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፤ የእርስዎ ግን ያበጠው ዘበኞቹ ነቅተው ካንሰሩን ሊያጠቁ ተግተልትለው ስለገቡበት ነው። ካንሰሩን ያገኘነው በስንት ፍለጋ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ ቀጠሮ አላጓደለችም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በተቆረጠው ውስጥ አንድም የካንሰር ሴል አልተገኘም። ይህን የሰማን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው፣ ምን ላድርግ!

"ኧረ በቃሽ፣ ሰው የሞተ አስመሰልሽው!" አለችኝ። "ይልቅ ልጆቹ ጋ ደውይ።"

ስልኩን ሳወጣ ቀማችኝ። "ተይው፣ እኔው ልንገራቸው።"

ትልቋ ልጇ "አቤት እማዬ" ስትላት ግን ድምጿ እምቢ አላት። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ፤ እኔ ነገርኳቸው።