ለዋረን የነገርኩት

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሻኮፒ ካለው መጋዘን ከሥራ እስክትመለስ የምጠብቃት በስደት በምንኖርበት ፊሊፕስ በሚባል ሠፈር ከቤታችን አጠገብ ይኖር በነበረ ዋረን በሚባል ሽማግሌ ገጣሚ ዘንድ ነበር። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ክረምት ከበጋ አንድ የተጣጣፈ ጃኬት የሚለብስ ሰው ነበር። ሠፈሩ እንደ እብድ ያየዋል። እናቴ ግን ሽበቱን አይታ «ጋሽ ዋረን» አለችው፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እኔንና ክዳን ያለው ሳህን ሙሉ ምስር ወጥ ይዛ በሩን ታንኳኳለች።

ያኔ ዋረን አመሻሽ ላይ ጓሮው ውስጥ በተቆረጠ በርሜል እሳት ያነድና፣ የኤሌክትሪክ መብራት አልወድም ብሎ የላምባ ፋኖሱን አጠገቡ አስቀምጦ ሕይወቱን ይተርክልኝ ነበር። የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ቢንቢው እግሬን እየበላኝ፣ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ወጥቶ የሰው መኪና እየለመነ አገሩን ከዳር እዳር እንዳካለለ፤ ለጦርነት የሚጠራው ወረቀት ሲደርሰው ሰው ፊት አቃጥሎት እንደታሰረ፤ እስር ቤት ወረቀት ቢከለክሉት ግጥሙን በቃሉ ይዞ እንደወጣ፤ ኋላም ፀጉራቸውን ካሳደጉ ጓደኞቹ ጋር ሰሜን ጫካ ገብተው ፍየል ሲያረቡ፣ ፍየሎቹ የግጥም ደብተሩን እንደበሉበት። መጽሐፎቹን ምድር ቤቱ ባለች የእጅ ማተሚያ ራሱ ያትማል፣ ራሱ ይሰፋል፣ ለፈለገ ሰው በነጻ ያድላል። «ታሪክ ባለቤት የለውም» ይለኝ ነበር ፍሙን እየቆሰቆሰ። እንዴት ያለ ቸር ሰው ነው እል ነበር። የኛንም ታሪክ ማለቱ እንደሆነ በምን ልወቅ!

አንድ ቀን «ሁልጊዜ እኔ ብቻ፤ አንቺስ ታሪክ የለሽም?» አለኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ምስክርነት ይሰጣል፤ ያስለቀሰውን ሁሉ በማይክሮፎን ይናገራል። ሐሙስ ሐሙስ አራት ሴቶች እኛ ሳሎን ተሰብስበው የሚጸልዩበት የጸሎት ርዕስ ግን ከዚያ ቤት አይወጣም። እኔ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ስለዚህ የተኛሁ መስዬ በበሩ ክፍተት የሰማሁትን ነገርኩት። እናቴ አዳማ እህቷ ዘንድ ትታት የመጣች ሰላም የምትባል ልጅ አለቻት፤ ሰላም አክስቷን «እማዬ» እያለች ነው ያደገችው። እናቴ የመኖሪያ ወረቀቷ ሲያልቅላት ሄዳ፣ እግሯ ላይ ወድቃ፣ ራሷ ልትነግራት ነበር።

ዋረን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያኔ ደነገጥኩ። «ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባልኝ።

የትምህርት ቤት እረፍት ሊያልቅ ሲል አዲሱን መጽሐፉን ሊያነብ ጓሮው ውስጥ ሰው ጠራ። እናቴ የሥራ ሰደርያዋን እንደለበሰች፣ ከጸሎት ጓደኛዋ ከአስቴር ጋር መጥታ ከፊት ተቀመጠች። እንግሊዝኛዋ ከሥራ አያልፍም፤ ግጥሙ መሃል የሰማቻቸው «ሰላም» እና «አዳማ» ግን አስተርጓሚ አይፈልጉም። ሰዉ ሲያጨብጭብ ተነስታ «ጋሽ ዋረን፣ ማን ነገረህ?» አለችው በአማርኛ። እሱ ስላልገባው ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ» አልኩት ጠጋ ብዬ፣ በእንግሊዝኛ በሹክሹክታ።

«ይሄ ግጥም ነው እንጂ ወሬ አይደለም» አለኝ። «ደግሞ እናትሽ ግጥሙ ውስጥ በጣም አምራለች።»

ቤት እንደገባን እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አስቴር ናት» አለች። «ከአራታችን እንግሊዝኛ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ኤርፖርት ሙሉ ሺፍት ከፈረንጅ ጋር ስታወራ አይደል የምትውለው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ስለዚህ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኖ፣ ማሚ» አልኩ።

መጽሐፉ በነጻ የሚታደል ነውና ወሬው ቤተ ክርስቲያን ገባ። እናቴ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብላ ለሰላም በስልክ ነገረቻት። ሰላም ዘጋችባት፤ ለብዙ ዓመትም አላነሳችላትም። አስቴር ሦስት ጊዜ መጥታ በራችንን አንኳኳች። ሦስቱንም ጊዜ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ አይቻታለሁ።

ዋረን ከሞተ ቆይቷል። ሰዎች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ ስለ መንገዱም ስለ እስሩም እነግራቸዋለሁ፤ እውነቱን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለመንግሥት እምቢ ያለ ሰው ለአንድ ግጥም እምቢ ማለት አቃተው። የልጅነት ልቤን ሰጥቼው ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

እናቴ አርጅታለች። ጠዋት ጠዋት አብረን እንጸልያለን። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጌታ ሆይ፣ አስቴር ያደረገችኝን ይቅር ብያታለሁ» ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ «አሜን» እላለሁ።