ዝም ያሉት ሽማግሌ

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር አቶ በርናባስ ማብራሪያ የማይሰጡበት ነገር አልነበረም። ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሳይጠይቅ ተምሮ ይወርዳል። በአምላክ የሚባለው የእህታቸው ልጅ፣ ትሕትና የምትባል ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ሲመርጥ ሊዘላቸው አስቦ ነበር። ግን አጎት እንዴት ይቀራል?

«ጋሼ፣ አባቷ ወሬ አይወዱም። እምቢ ካሉ ደግሞ እሷ ከቃላቸው አትወጣም። ንግግሩን ለአባ ወልደ ኢየሱስ ይተዉላቸው፤ እርስዎ ዝም ብለው ይቁሙልኝ» ሲል ለመናቸው።

«እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?» አሉ አቶ በርናባስ፣ ከልባቸው።

እሑድ ጠዋት የእንጦጦው ቄስ አባ ወልደ ኢየሱስ አቶ በርናባስን አስከትለው አያት ሰፈር ወደሚገኘው የልጅቷ ቤት ገቡ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። የአቶ በርናባስ ዓይን ግን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለች ትንሽ የነሐስ ቡድሃ ላይ ተተከለ።

አባትየው አቶ ለይኩን ይህን አይተው፣ «ልጄ ለሥልጠና ኔፓል ሄዳ ያመጣችው ነው። ሻክያሙኒ ይሉታል አለችኝ፤ ትርጉሙን እንጃ» አሉ።

አቶ በርናባስ ያውቁታል! ሻክያ ሰውየው የተወለደበት ወገን ስም ነው፤ ሙኒ ደግሞ ጠቢብ፣ ያውም ብዙዎች ከዝምታ ጋር የሚያያይዙት ጠቢብ። ትርጓሜው ሁሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። ላብ አጠመቃቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው ጣራ ጣራውን አዩ። አባ ወልደ ኢየሱስ ለጥንቃቄ ሲሉ በመቋሚያቸው ጫፍ የአቶ በርናባስን እግር ጫን አደረጉና፣ የልጁ አጎት መሆናቸውን አስተዋውቀው ልመናውን አቀረቡ።

አቶ ለይኩን ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «አባ፣ እርስዎ አሳምረው ተናገሩ። እኔን ያሸነፉኝ ግን እኚህ ናቸው» አሉ ወደ አቶ በርናባስ እያመለከቱ። «ለፍላፊ ዘመድ መሮኛል። እንዲህ የረጋ አጎት ያለው ልጅ አያሳፍረኝም። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ቁጭ በሉ!»

እልል ተባለ፤ ምሳም ቀረበ።

«በሉ አቶ በርናባስ፣ ይመርቁልን» አሉ አቶ ለይኩን።

አቶ በርናባስ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ለይኩን፣ የሰጡት ቃል አይታጠፍም አይደል?»

«በጭራሽ!»

«መልካም። እንግዲህ ሻክያሙኒ የሚለው ስም አመጣጡ...»

አባ ወልደ ኢየሱስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወጡ ቀዝቅዞ ቅቤው ሲረጋ፣ አቶ በርናባስ ገና ከሻክያ ወደ ሙኒ አልተሻገሩም ነበር።