ሽቅብ የሄደው ውሃ

ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ከመተማ ማዶ፣ ገላባት ላይ ሱቅ ከፍቼ ሃያ ዓመት ስቀመጥ ከልቤ ያመሰገንኋቸው ሰዎች የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። በለጠችን ግን ዝም ብዬ ባልፋት ነውር ይሆንብኛል።

በለጠች የቋራ ሴት ናት። እንጨት ትሸጣለች፤ ነገር ግን አንድ ዛፍ አትቆርጥም። ክረምት ጎርፍ በወረደ ማግስት አህያዋን ነድታ ትወጣና ውሃ ነቅሎ ያመጣውን ግንድ ከየሥርቻው ትለቅማለች። ሌላው ሰው ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተት ውሎ ጭራሮ ይዞ ሲመለስ፣ እሷ አህያዋ እስኪጎብጥ ጭና ትገባለች። እኔም ‹‹ይህች ሴትዮ ከወንዙ ጋር ተዋውላለች እንዴ?›› እያልሁ አሾፍባት ነበር።

ባለፈው ክረምት አክሊሉ የሚባል የጭልጋ ልጅ ሱቄ መጣ። ከታናሽ ወንድሙ ከብርሁ ጋር ሰሊጥ ሊያርሙ ሲሄዱ ኮር ሞልቶ ጠበቃቸው። ኮር የምንለው ክረምት ብቻ የሚፈሰውን ወንዝ ነው፤ ይሄኛው ሄዶ ትልቁ ወንዝ አትባራ ይገባል። ብርሁ ልሻገር ብሎ ገባ፣ አልወጣም። አክሊሉ አራት ቀን ሙሉ አትባራን ቁልቁል ፈልጎ ፈልጎ አጣው። እናታቸው ደግሞ በስልክ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ‹‹ሳይቀበር ሞተ አልልም፣ አላለቅስም።›› ለቅሶ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ትመልሳለች አሉ። ልጁ እንባው ደርቆ ‹‹ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?›› አለኝ።

እኔም አዋቂ ነኝና ‹‹ገና ቁልቁል ውረድ›› ብዬ መከርሁት።

በለጠች እንጨት ልታራግፍ ደጄ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

‹‹የገባ ዕለት አትባራ ሞልቶ ነበር?›› ብላ ጠየቀችው።

‹‹ከዳር እስከ ዳር።››

‹‹እንግዲያው ሽቅብ ነው የምንፈልገው።››

አክሊሉ ተቆጣ። ‹‹እትዬ፣ በሐዘን አይቀለድም። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ የት አይተው ነው?››

አይፈረድበትም። የደጋ ወንዝ ገደል ለገደል ይወርዳል እንጂ ወደ ኋላ አያውቅም። ከደጋ የወረድን ሁላችን ያንኑ ይዘን ነው የመጣነው።

በለጠች ወደ ኮሩ ይዛን ሄደች። አንድ ግራር ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ጎርፍ ያመጣው ገለባ ተለጥፏል።

‹‹ውሃ ቁልቁል ሲሄድ ገለባው ግንዱን በላይ በኩል ነው የሚይዝ›› አለች። ‹‹ይሄን ግን እየው፣ በታች፣ በአትባራ በኩል ነው። አትባራ ሲሞላ ኮሩን አላስገባም ይለዋል። ኮሩም መሄጃ ሲያጣ ይመለሳል። እኔ እንጨቴን የምለቅም እዚያ የተመለሰበት ነው።››

ሃያ ዓመት በእነዚያ ዛፎች ሥር ተመላልሻለሁ። ወላሂ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። አፈርሁ።

ከግራር ግራር፣ ግንዱን በእጇ እየዳሰሰች፣ ሽቅብ ወሰደችን። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ገለባው ወደ ላይኛው በኩል የዞረበት ዛፍ አገኘች። ‹‹የተመለሰው ውሃ ከዚህ አላለፈም›› አለች። ከዚያ ወዲህ፣ እሾህ መሃል፣ የተቆለለ ግንድ ነበር። ብርሁ ከሥሩ ነበር።

አክሊሉን ‹‹አንተ እዚያው ቁም›› አለችው። መጀመሪያ እሷ ገባች። ሻሿን ከራሷ ፈትታ የልጁን ፊት ከጭቃ አጠራች፣ የሚሸፈነውን ሸፈነች፣ ከዚያ ነው ‹‹ና፣ ወንድምህን ውሰድ›› ያለችው። እኔ ረድዋን፣ በስስት የሚያሙኝ ሰውዬ፣ እዚያ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ጭልጋ ድረስ የሚወሰድበት ቀን አልፏል። ከሱቄ ለመገነዣ አቡጀዲ አመጣሁ፣ ከመተማ ካህን ተጠራ፣ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ፈልገን ቀበርነው። አክሊሉ ለእናቱ ደወለ።

‹‹እማ፣ አገኘሁት። ቀበርሁት።››

 ‹‹ማን አገኘው?›› አለች። ‹‹በለጠች የምትባል ሴት›› ሲላት ‹‹አገናኘኝ›› አለችው። በለጠች ስልኩን ተቀበለች።

‹‹እህቴ፣ ፊቱን ወዴት አዞራችሁት?››

‹‹እንደ ደንቡ ወደ ምሥራቅ ነው፣ እማማ›› አለች በለጠች። ‹‹ከዚህ ምሥራቁ ደግሞ የእርስዎ አገር ነው። ወደ እርስዎ ነው የሚያይ።››

ያኔ ነው እናትየዋ ‹‹ብርሁዬ!›› ብላ የጮኸችው።